ሰባት ሲኒ የሰበረችው ትቀጣ ወይስ አንድ የሰበረው? ልጅ ነፍስ የሚያውቀው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ እቤታችን ውስጥ የተፈጠረ አንድ ትንሽ ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳስበኝ ስለሰነበተ፣ ስለ ልጆች አስተሳሰብ ከእኔ የተሻለ ዕውቀት ያለው ሰው ቢያብራራልኝ ብዬ ጥያቄዬን እዚህ አቅርቤአለሁ።

ሴቷ ልጄ 10 ዓመቷ ሲሆን ወንዱ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ቡና ልናፈላ ስንል ልጅቱ ልታግዘኝ ብላ ረከቦቱን ከነሲኒው ይዛ ከጓዳ ስትወጣ የምንጣፉ ጠርዝ አደናቀፋትና ሰባት ሲኒ በአንድ ጊዜ ረገፈ። ደንግጣ ስታለቅስ «እንኳን እግርሽን አልቆረጠሽ» ብዬ አባብዬ አለፍኩት። እኛ ስብርባሪውን ስንለቅም ወንዱ ልጅ ወጥ ቤት ገብቶ፣ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ እንዳይነካ ስንት ጊዜ የተነገረውን የማር ዕቃ ከመደርደሪያ ሲያወርድ አጠገቡ የነበረውን አንድ ሲኒ ጥሎ ሰበረ። እሱን ተቆጣሁት፤ ማታ የሚያየውን የካርቱን ፊልምም ከለከልኩት። ልጁ ግን ቅጣቱን የለየለት ግፍ አድርጎ ቆጠረው። «እሷ ሰባት ሰብራ ምንም አልተባለችም፤ እኔ አንድ ሰብሬ እቀጣለሁ?» እያለ እስኪተኛ ድረስ አለቀሰ። እህቱ «እኔ እኮ ሆን ብዬ አይደለም» ብላ ልታስረዳው ብትሞክርም ጣቶቹን እየዘረጋ ሰባትና አንድን ከመቁጠር በቀር የሚሰማት አልሆነም።

የባለቤቴ እናት አብረውን ነበሩና «ተዪው እባክሽ፤ ገና ነፍስ አላወቀም፤ ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጅ ምን ኃጢአት አለበት?» አሉኝ። ኮሌጅ ሳለሁ በወሰድኩት የሥነ ልቦና ትምህርት ዣን ፒያዤ የሚባል ምሁር የልጆችን ዕድገት በአራት ደረጃዎች እንደከፈለ ለፈተና ሸምድጄ ነበር፤ ከፈተናው በኋላ ግን የሠንጠረዡ መልክ እንጂ ፍሬ ነገሩ አልቀረልኝም። ልጄ ሆን ተብሎ የተደረገንና ሳይታሰብ የሆነን ነገር መለየት የማይችልበት ደረጃ ላይ ነው ማለት ነው? ከሆነስ ሊገባው በማይችለው ነገር መቅጣቴ ስሕተት ነው? እማማ «ነፍስ ማወቅ» የሚሉት ነገርስ ምሁራኑ ከሚሉት ጋር ይገጥማል?

መልስ 1፦ ጡረተኛው መምህር

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ሳያውቁት የፒያዤን ዝነኛ ሙከራ በረከቦት ደግመውታልና። ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ልጆች የሥነ ምግባር ፍርድ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለልጆች ሁለት ታሪክ እያወራ ይጠይቃቸው ነበር። በአንደኛው ታሪክ አንድ ልጅ ለምግብ ተጠርቶ በር ሲከፍት፣ ከበሩ ኋላ በወንበር ላይ የተቀመጠ ትሪ መኖሩን አላወቀምና አሥራ አምስት ስኒዎች ወድቀው ይሰበራሉ። በሁለተኛው ደግሞ ሌላ ልጅ እናቱ በሌለችበት ከቁም ሳጥን ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ አንድ ስኒ ይሰብራል። «ከሁለቱ ይበልጥ ያጠፋው ማን ነው?» ሲባሉ ስድስትና ሰባት ዓመት አካባቢ ያሉት ብዙውን ጊዜ አሥራ አምስቱን የሰበረውን ጠቆሙ፤ ዘጠኝና አሥር ዓመት የሆናቸው ግን ስለ ስኒው ብዛት ሳይሆን ስለ ልጁ ሐሳብ መናገር ጀመሩ። የእርስዎ ልጆች በአምስት ተኩልና በአሥር ዓመታቸው ከመጽሐፉ የወጡ ይመስላሉ።

ይህ ሰው የሠንጠረዥ ሰው እንዳልነበረ ቢታወቅ መልካም ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ኑሻቴል ከተማ ተወለደ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ስለ ቀንድ አውጣዎች እየጻፈ ያሳትም ነበር። በኋላ ፓሪስ ሄዶ ለልጆች የአእምሮ ፈተና በማዘጋጀት ሥራ ላይ ተሰማራ። ሥራው የሚጠይቀው ትክክለኛውን መልስ መቁጠር ነበር፤ እሱን የማረከው ግን ስሕተቱ ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ስሕተት ሲሠሩ አየ፤ ስለዚህ ስሕተቱ የዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የራሱ ሥርዓት ያለው አስተሳሰብ ነው ብሎ ተነሣ። መምህር ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከዚህ አንድ ነጥብ የበለጠ የጠቀመኝ ትምህርት የለም።

ስለ ደረጃዎቹ አጠር አድርጌ ላስታውስዎ። እስከ ሁለት ዓመት ሕፃኑ ዓለምን የሚያውቀው በመያዝ፣ በመቅመስና በመንቀሳቀስ ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቋንቋና ምናብ ያብባሉ፤ ዓይኑ ያየው አንድ ገጽታ ግን ፍርዱን ይማርከዋል፤ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ገደማ በእጁ ሊነካው በሚችለው ነገር ላይ በሥርዓት ማሰብ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ብሎ በሌለ ነገር ላይም ሊከራከር ይችላል። ሁለተኛውን ደረጃ ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ለሁለት ልጆች ግማሽ ግማሽ እንጀራ ይስጧቸው፤ የአንዱን ጠቅልለው፣ የሌላውን በትናንሽ ቆራርጠው ያቅርቡ። የአራት ዓመቱ ልጅ የተቆራረጠው የበዛ ይመስለዋል፤ ቁራሹ ብዙ ነዋ። የስምንት ዓመቱ «ያው እኮ ነው» ይላል። ሰባት ሲኒና አንድ ሲኒም እንዲሁ ነው፤ ብዛቱ ለዓይን ይታያል፣ ሐሳብ ግን አይታይም።

ከሁሉ የምወደው ግን የብይ ጨዋታው ነው። ፒያዤ ኑሻቴልና ጄኔቭ ውስጥ ብይ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ተቀምጦ «ሕጉን እስቲ አስተምረኝ፤ ይህን ሕግ ማን አወጣው? ብንለውጠውስ?» እያለ ይጠይቃል። ትንንሾቹ ሕጉ ከአባቶች ወይም ከእግዚአብሔር የመጣ ስለሆነ ሊነካ አይችልም አሉ፤ ሲጫወቱ ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይጫወትና መጨረሻ ላይ ሁሉም አሸናፊ ነው። አሥር ዓመት ያለፋቸው ደግሞ «ሁላችንም ከተስማማን ይለወጣል» አሉ፤ እነሱው ግን ሕጉን በጥብቅ የሚያከብሩ ናቸው። ሕጉን ሊነካ የማይችል አድርጎ የሚያየው ልጅ አያከብረውም፤ የራሱ ስምምነት አድርጎ የሚያየው ያከብረዋል። ይህን በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ብይ ሲጫወቱ ጠብ ከተነሣ መምህር ፍለጋ ይሮጣሉ፤ የስድስተኛ ክፍሎቹ ጨዋታውን አቁመው ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ከመጫወቻው ጊዜ ይልቅ የክርክሩ ጊዜ ይረዝማል።

ፒያዤ ከዚህ የወሰደው መደምደሚያ ለእኛ ለወላጆች አይጥመን ይሆናል። ልጅን ከታዛዥነት ወደ ራሱ ፍርድ የሚያሻግሩት በዋናነት እኩዮቹ እንጂ ወላጆቹ አይደሉም ይላል፤ ከወላጅ ጋር መከራከር አይችልምና። ስለዚህ ልጅዎ ከእህቱ ጋር የገጠመውን ክርክር አያስቁሙ። እርስዎ ከሚሰጡት ማብራሪያ ይልቅ የእሷ «ሆን ብዬ አይደለም» የበለጠ ሥራ ይሠራል።

መልስ 2፦ የሥነ ልቦና ተመራቂ

የመምህሩን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በተለይ ስለ ስሕተት ሥርዓት የተናገሩት ትክክል ነው። ነገር ግን ልጁ «ሐሳብ አይታየውም» የሚለውን መደምደሚያ አልቀበልም፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶችም አይደግፉትም።

መጀመሪያ ጥያቄው የሚጠየቅበትን መንገድ እንይ። ፒያዤ ሁለት መስመር ቁልፎች ወይም ሳንቲሞች እኩል ደርድሮ «እኩል ናቸው?» ይላል፤ ልጁ «አዎ» ይላል። ከዚያ አንዱን መስመር አራርቆ ደግሞ ይጠይቃል፤ ልጁ «ይሄኛው በዛ» ይላል። ኤድንብራ ውስጥ ማርጋሬት ዶናልድሰንና ጄምስ ማክጋሪግል በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ በዚህ ሂደት ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀየረ፤ መስመሩን ያራራቀው ጠያቂው ሳይሆን ጨዋታ ሊያበላሽ የመጣ የአሻንጉሊት ድብ ሆነ። በተለመደው አጠያየቅ ጥቂቶች ብቻ «እኩል ናቸው» ያሉ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች፣ ድቡ ሲያበላሸው ግን አብዛኞቹ በትክክል መለሱ። ምክንያቱን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። እኛ አገር ታላቅ ሰው አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከጠየቀህ የመጀመሪያው መልስህ ስሕተት ነበረ ማለት ነው። ልጁ የመለሰው ስለ ሳንቲሙ ሳይሆን ስለ ጠያቂው ፍላጎት ነው።

የሲኒው ታሪክም ጉድለት አለበት። አንደኛው ታሪክ መልካም ሐሳብና ብዙ ጉዳት፣ ሌላው መጥፎ ሐሳብና ትንሽ ጉዳት ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚለያይ ልጁ የትኛውን እንደመዘነ በቀጥታ አናውቅም። በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሁለቱን ለይቶ፣ ታሪኩንም በሥዕል አስደግፎ አቀረበ፤ አንድ ልጅ ለጓደኛው ኳስ የሚወረውረው ሊያጫውተው ነው ወይስ ተናዶ ነው፣ ኳሱስ ጓደኛው እጅ ገባ ወይስ ጭንቅላቱን መታው የሚል ነበር። ሐሳቡ በግልጽ ሲታያቸው የሦስት ዓመት ልጆች እንኳ በፍርዳቸው ውስጥ አስገቡት።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት ልምጣ፤ ለጥያቄዎ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተሠራና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ጠየቀ። «ይህ ልጅ መጥፎ ነው?» የሚለው አንዱ ነው፤ «ይህ ልጅ ይቀጣ?» የሚለው ሌላው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ልጆች በሐሳብ መፍረድ የሚጀምሩት ቀድመው ነው፤ ለቅጣቱ ጥያቄ ግን የደረሰውን ጉዳት መቁጠር ረዘም ላለ ጊዜ ይቀጥላል። ልጅዎ ያለቀሰው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ስለ መጀመሪያው ማንም አልጠየቀውም።

እኛ አዋቂዎችም ከዚህ ሙሉ በሙሉ አልወጣንም፤ መኪና እያሽከረከረ ስልኩን የነካ ሰው ማንንም ካልገጨ ይገሠጻል፣ ሰው ከገጨ ይታሰራል፤ ጥፋቱ ግን አንድ ነው።

ሌላም ልጨምር። ኤሊዮት ቱሪየልና ባልደረቦቹ ልጆች ከሦስትና ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ ሁለት ዓይነት ሕጎችን እንደሚለዩ አሳይተዋል። «መምህሯ ብትፈቅድ ቆሞ መብላት ይቻላል?» ሲባሉ «አዎ» ይላሉ፤ «መምህሯ ብትፈቅድ ጓደኛን መማታት ይቻላል?» ሲባሉ «አይቻልም፤ ያማል» ይላሉ። ይህ እንግዲህ ትንሽ ልጅ ሕግን ሁሉ ከላይ የወረደ አድርጎ ያያል ከሚለው ጋር አይሄድም። በእኛም ቤት በግራ እጅ መጉረስና እህትን መንከስ ሁለቱም ያስቆጣሉ፤ ልጁ ግን ቁጣው ምንም ያህል ቢመሳሰል ሁለቱን አንድ አድርጎ አያያቸውም።

መልስ 3፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ስለ ድቡ የጻፍከውን አልክድም፤ ጥሩ ሙከራ ነው። በነገራችን ላይ ፒያዤ ራሱ አንድ ልጅ ለአንዱ ታሪክ በብዛት፣ ለሌላው በሐሳብ ሊፈርድ እንደሚችል ጽፏል፤ ሥነ ምግባርን እንደ ደረጃ መሰላል ያስቀመጠው ከሱ ኋላ የመጣው የሥነ ልቦና ምሁር ኮልበርግ ነው።

የቱሪየልን ነገር ግን ቆም ብለህ እይልኝ። ጾም መግደፍ በየትኛው ሕግ ውስጥ ይገባል? የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ዓርብ ዕለት ወተት ስሰጠው «ማንም ባያይ እንኳ አይሆንም» ብሎኛል፤ እሱ ገና መጾም አይጠበቅበትም፤ ወተቱንም ማንም አልከለከለውም። ማንም የሚያምመው ሰው የለም፤ ልጁ ግን «መምህሯ ብትፈቅድ ይቻላል» ከሚባለው ውስጥ አያገባውም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሽዌደር ሕንድ ውስጥ ቡባኔስዋር ከተማ ባደረገው ጥናት፣ አባቱ በሞተ ማግስት ፀጉሩን የተቆረጠና ዶሮ የበላ የበኩር ልጅ ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት እንደፈጸመ ሲቆጠር አገኘ፤ ቺካጎ ላይ ያው ነገር ምንም አልነበረም። መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር ልጅ የሚማረው ካደገበት ቤት ነው።

መልስ 4፦ የሥነ ልቦና ተመራቂ

መምህር፣ ይህንን ተቀብያለሁ። በተጨማሪም ልጆች ቀድመው የሚደርሱበት ነገር ከኑሯቸው ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ፤ ሜክሲኮ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጆች፣ ጭቃ ቅርጹ ቢለወጥም መጠኑ እንደማይለወጥ ከሌሎች እኩዮቻቸው ቀድመው ተረድተው ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ እጃቸው ያደገበት ነገር ነው የተለየው።

መልስ 5፦ የሕግ ባለሙያ

ስለ «ነፍስ ማወቅ» ለተነሣው ጥያቄ ከሕግ በኩል አጭር አስተያየት ልስጥ። ሕግ እንደ ሥነ ልቦና «እንደ ልጁ ይለያያል» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለሠራው ነገር በወንጀል ተጠያቂ አያደርገውም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉት በአንቀጽ 53 መሠረት እንደ አዋቂ አይቀጡም፤ ለእነሱ የተለዩ እርምጃዎች ተደንግገዋል። ከአሥራ አምስት በላይ ሆነው አሥራ ስምንት ያልሞላቸው በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛሉ፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ቅጣታቸውን ሊያቀልል ይችላል፤ ሞትም አይፈረድባቸውም። የዘጠኝና የአሥራ አምስት ዓመት መስመር በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረ። ስለዚህ የጠያቂዋ ልጅ በሕግ ፊት ገና ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ይቀረዋል፤ ስለ ካርቱን ፊልሙ ግን ሕጉ የሚለው የለም።

መልስ 6፦ አባት ከሜሪላንድ

ኮልበርግ ስሙ ስለተነሣ ብቻ መግባት ፈለግሁ፤ እኔ የሥነ ልቦና ሰው አይደለሁም፤ የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጅ አባት ነኝ፤ እሷ ደግሞ በትምህርት ቤት የተሰጣትን የኮልበርግን ታሪክ ይዛ እራት ላይ አመጣችብን።

ላውረንስ ኮልበርግ በ1927 እ.ኤ.አ. የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመርከበኛነት ሲሠራ፣ ከአውሮፓ የሸሹ አይሁዳውያንን የእንግሊዝን እገዳ አልፋ ወደ ፍልስጤም ልታደርስ በሞከረች መርከብ ላይ ነበረ፤ ተይዞም ቆጵሮስ ውስጥ ታስሯል። ሕግን ለበለጠ ነገር ሲል መጣስ ይገባል ወይ የሚለውን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘውም ማለት ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. በጻፈው የዶክትሬት ሥራው ቺካጎ አካባቢ ላሉ ወንዶች ልጆች የሚከተለውን ታሪክ አቀረበ። ሃይንዝ የሚባል ሰው ሚስቱ በካንሰር ልትሞት ነው፤ መድኃኒቱን ያገኘው ሰው ለመሥራት ያወጣው 200 ዶላር ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው 2,000 ነው፤ ሃይንዝ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ለምኖ 1,000 ብቻ አገኘ፤ ባለመድኃኒቱ ቀሪውን በኋላ ልቀበል ለማለት እንኳ እንቢ አለ። ሃይንዝ ሰብሮ ገብቶ መስረቅ ይገባዋል?

ኮልበርግ «ይስረቅ» ወይም «አይስረቅ» ለሚለው ነጥብ አይሰጥም፤ የሚመዝነው ምክንያቱን ነው። «ከሰረቀ ይታሰራል» የሚለው ታች ነው፤ «እሷም ነገ ትጠቅመዋለች» የሚለው ከዚያ ቀጥሎ፤ «ሰው ምን ይለዋል፣ ጥሩ ባል እንዲህ አያደርግም» የሚለው ሦስተኛው፤ «ሕግ ከሌለ አገር አይኖርም» የሚለው አራተኛው ነው። ከዚያ በላይ ሕጉ ራሱ ለምን እንደቆመ የሚጠይቁት አምስተኛውና ስድስተኛው ናቸው፤ ስድስተኛው ላይ የሚገኝ ሰው በጣም ከመጥፋቱ የተነሣ በኋላ ከነጥብ መስጫው መመሪያ እንዲወጣ ተደርጓል።

እኛ ቤት ልጄ የሰጠችው መልስ ከነዚህ በአንዱም ውስጥ አልገባልኝም። «ዕድራቸው የት ሄደ?» አለች። እናቷ ሳቀች። ልጅቱ ግን ቁም ነገሯን ነው። ሰውየው ለብቻው ሄዶ ከሚሰርቅ ሽማግሌ ቢልክበት፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ ቢነገር፣ በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ቢከፈት፣ ባለመድኃኒቱም አንድ ዘመድ አያጣምና በእሱ በኩል ቢለመን እያለች ዘረዘረች። ታሪኩ «የሚያውቀውን ሁሉ ለምኗል» እንደሚል ብነግራት «ብቻውን ነዋ የለመነው» አለችኝ።

በኋላ ሳነብ የኮልበርግ ባልደረባ የነበረችው ካሮል ጊሊጋን በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ እንዳነሣች አገኘሁ። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለሃይንዝ ጥያቄ «ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ» የሚል መልስ ስትሰጥ፣ በኮልበርግ ሚዛን ዝቅ ያለ ነጥብ አገኘች፤ ጊሊጋን ግን ልጅቱ የተለየ ጥያቄ እየመለሰች ነው ትላለች፤ ይስረቅ ወይስ አይስረቅ ሳይሆን፣ ካልሰረቀ ምን ያድርግ የሚለውን። ጊሊጋን ይህንን የሴቶች ድምፅ አድርጋ ነበር ያቀረበችው፤ በኋላ የተደረጉ ማጣሪያዎች በወንድና በሴት መካከል ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። እኔም የልጄን መልስ ከሴትነቷ ይልቅ የቅዳሜ ዕድር ስብሰባ ላይ ጭኔ ላይ ተኝታ ማደጓ የሰጣት ይመስለኛል።

ጆን ስናሬ የተባለ ተመራማሪ በ1985 እ.ኤ.አ. በ27 አገሮች የተሠሩ 45 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ታችኞቹ ደረጃዎች በየትኛውም አገር በቅደም ተከተላቸው ሲገኙ ላይኞቹ ግን በገጠር ማኅበረሰቦች ውስጥ እንደማይታዩ አገኘ። ጉድለቱም ምናልባት ከሰዎቹ ሳይሆን ከመለኪያው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ፤ በኅብረት የሚኖር ሕዝብ የሚሰጠው ምክንያት በመመሪያው ውስጥ ቦታ የለውምና። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን የእኛን ይሉኝታ ሦስተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን አባቴ የጎረቤት አጥር እንዳይገፋ የከለከለው ይሉኝታ ከብዙ ሰው የተማረ የመርህ ክርክር ጠንክሮ ሲቆም አይቻለሁ። (ይሉኝታ ያጠፋውም ቤት ብዙ መሆኑን አልክድም።)

ለጠያቂዋ እህት የምለው አንድ ነገር ነው፤ ተመራቂው ማንም አልጠየቀውም ያለውን «መጥፎ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይጠይቁት። ከዚያ የሚለውን እዚህ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።

ጠያቂዋ እናት፦ ከአራት ቀን በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእንጀራውን ነገር ሞከርኩት፤ መምህሩ እንዳሉት ሆነ፤ የተቆራረጠውን መረጠ። ቀጥሎ ደግሞ ቆራርጣ የምታቀርበው እህቱ እንድትሆንና «ውይ፣ ተቆራረጠብኝ» እንድትል አደረግሁ፤ በዚህ ጊዜ እያመነታ «ያው ነው» አለ። የትኛውን መልስ ልመን?

ትናንት ማታ ደግሞ ስናስተኛው የሲኒውን ነገር በእሱ ስም ሳይሆን በጥንቸልና በዝንጀሮ ተረት አድርጌ አወራሁለት። ጥንቸሏ እናቷን ልታግዝ ስትል ተደናቅፋ ሰባት ሲኒ ሰበረች፤ ዝንጀሮው ማር ሊሰርቅ ሲል አንድ ሰበረ። «መጥፎ ሥራ የሠራው ማን ነው?» አልኩት። ወዲያው «ዝንጀሮው» አለ። «ለምን?» ስለው «ማር እየሰረቀ ነበራ፤ እሷ እናቷን እያገዘች ነው» አለኝ። እህቱ ከወዲያኛው አልጋ ሆና «አየህ!» አለች።

ትንሽ ቆየሁና «ታዲያ ማን ይቀጣ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያም «ዝንጀሮው ማር አይብላ» አለ፤ ቀጥሎም ጣቶቹን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። «ጥንቸሏ ግን ሰባት ሲኒ ትግዛ።»